ላይክ ኪራይ አይከፍልም

ሽሮ ሜዳ፣ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ የቀድሞ መምህር ስልኩን ይዞ ለባለሱቋ ውጤቱን እያሳየ ነበር። ቪዲዮውን በሦስት ቀን ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። ላይኩ ብቻ ከሦስት ሺህ ይበልጣል። ተከታዩም ጨምሯል። መምህሩ የጎበዝ ተማሪ ውጤት ለወላጅ እንደሚያበስር ሰው ፊቱ በርቷል።

ባለሱቋ መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና አዩት። ከዚያ ስልኩን መለሱለትና፣ «መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ጥሩ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ ቀሚስ የገዛው የትኛው ነው?» አሉት።

ማንም አልገዛም ነበር።

«እንግዲህ አከራዬ የወሩ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ላይኩን አሳየዋለሁ?»

ሴትየዋ የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ሻይ አዘዙለት። መምህሩ ግን ያንን ሻይ እንዴት እንደጠጣው አያስታውስም። ጊዜው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረበትን ክፍል ለቅቆ ወደ ዲጂታል ማርኬቲንግ ከገባ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ያቺ አንዲት ጥያቄ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ከተማረው ሁሉ በላይ እንዳስተማረችው የገባው ቆይቶ ነው።

*

ሰውየው ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተ። መጀመሪያ የለጠፈው ስምንት ገጽ ኖት ነበር፤ የከፈተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ያንኑ ኖት ቆራርጦ «ፈተና ላይ ሁልጊዜ የሚያሳስቷችሁ አራት ጥያቄዎች» ብሎ ሲለጥፈው ግን ተማሪው ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለሌላው አዛመተው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የተለጠፈ እንደሚነበብ፣ ጠዋት የተለጠፈ ደግሞ እንደሚቀበር አስተዋለ። ይህ የሚሠራው ነገር ስም ያለው ሙያ መሆኑን ግን አላወቀም።

ስሙን የነገረው አንድ የቀድሞ ተማሪው ነው። ልጁ አንድ ድርጅት ውስጥ የሶሻል ሚዲያ ሠራተኛ ሆኖ ከመምህሩ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። «ቲቸር፣ እርስዎ የሚሠሩት እኮ እኛ የሚከፈለንን ሥራ ነው» አለው። ቀልድ ነበር። መምህሩ ግን ሌሊቱን ሲያሰላው አደረ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ተማረ። ጉጉል በነፃ ይሰጠው የነበረውን 26 ክፍሎች ያሉት የዲጂታል ማርኬቲንግ መሠረታዊ ኮርስ ጨረሰ። የሀብስፖት አካዳሚን፣ የሜታ ብሉፕሪንትንም ነካካ። ሰርተፊኬት በሰርተፊኬት ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መልቀቂያ ሲያስገባ እናቱ «የመንግሥት እንጀራ ጥሎ ስልክ ላይ ሊውል ነው?» ብለው ለጎረቤት አለቀሱ። ሚስቱ አላለቀሰችም፤ እሷ ሒሳብ ሠራች። ያላቸው ቁጠባ የአራት ወር ወጪ ነው። የእሷ ደመወዝ ሲጨመርበት ስድስት ወር ያደርሳል። «ስድስት ወር» አለችው። «ከዚያ ካልሆነ ግን የትም ትምህርት ቤት፣ በምንም ደመወዝ፣ ትመለሳለህ።» ተስማማ። ልጃቸው በዚያው መስከረም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር።

*

ይህ ሙያ በከተማችን የሚሸጥበት መንገድ ሌላ ነው። «በአንድ ወር ሠልጥነው ቤትዎ ተቀምጠው በዶላር ይከፈሉ» የሚል ማስታወቂያ የማያውቅ የቴሌግራም ተጠቃሚ የለም። ሠልጣኙ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ፣ ካንቫ ላይ ፖስተር መሥራት ይማራል፤ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ የሥራ ማስታወቂያውን ያያል። «የሶሻል ሚዲያ ባለሙያ ይፈለጋል፦ ዲዛይን የሚችል፣ ቪዲዮ የሚቀርጽና የሚያቀናብር፣ በሦስት ቋንቋ የሚጽፍ፣ ማስታወቂያ የሚያስነግር፣ የደንበኛ ስልክ የሚያነሳ።» የአምስት ሰው ሥራ ነው፤ ደመወዙ የአንድ ሰው፣ ያውም በስምምነት።

ስለዚህ ከመምህርነት፣ ከባንክ፣ ከሆቴል፣ ከጋዜጠኝነት ወጥቶ ወደዚህ የሚገባው ሰው ከመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ጥያቄ ይዞ ይገባል። «የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ይላል። የሶፍትዌሩ ቁልፎች በጥቂት ወራት ይለመዳሉ፤ በየዓመቱም ቦታቸው ይቀያየራል። የማይቀየረው ነገር ሌላ ነው። የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ የጠየቁት እሱን ነበር። የገዛው የትኛው ነው? ያልገዛውስ ለምን አልገዛም?

*

መምህሩ በማግስቱ ተመልሶ ሄደና እንዲህ አላቸው፦ «እትዬ፣ የዚህን ወር ክፍያ አልጠይቅዎትም። አንድ ሳምንት ግን እዚህ ጥግ ላይ ልቀመጥ።» ባለሱቋ ገርሟቸው በርጩማ ሰጡት።

ሳምንቱን ሙሉ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሱቁ የሚገባው ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ በደብተር መመዝገብ። በተጨማሪም ለሚገዛ ሰው ሁሉ «ሱቁን ከማን ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ ያቀርባል። በትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ መልስ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አለ። እሱ 32 ገጽ ደብተርና እስክርቢቶ ነበረው።

ደብተሩ ሲታይ ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ሆኑ። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። በፔጁ ላይ ከየፎቶው ሥር «ስንት ነው?» የሚል ኮሜንት ተደርድሯል፤ መልሱ ደግሞ እንደ ሀገሩ ልማድ «ኢንቦክስ» ነው። ኢንቦክሱን የሚመልስ ሰው ግን አልነበረም። ባለሱቋ ዋጋ የማይጽፉት ጎረቤት ሱቅ እንዳያይባቸው ፈርተው ነው። «ጎረቤትዎ እኮ ዋጋዎን ያውቃል» አላቸው መምህሩ። «የማያውቀው ሊገዛ የሚፈልገው ሰው ነው።» ሳቁና ተስማሙ።

ሁለተኛው «ለሠርጉ ይደርሳል?» የሚለው ነው። ጥለቱ በእጅ የሚሠራ ልብስ ሸማኔው ጋ የሚፈጀው ጊዜ አለ፤ ገዢው ይህን አያውቅም፤ ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይመጣል፤ ሳይስማሙ ይለያያሉ። ሦስተኛው የልክ ጥያቄ ነው። ይህ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከውጭ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለች እህት ለልጇ ቀሚስ ማሰፋት ትፈልጋለች፤ ልኩን እንዴት እንደምትወስድ አታውቅም፤ በማን እንደሚላክላትም አታውቅም።

መምህሩ ከዚያ በኋላ የሠራቸው ቪዲዮዎች እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልሱ ናቸው። አንዱ ባለሱቋ ራሳቸው ሜትር ይዘው የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ እንዴት እንደሚወሰድ የሚያሳዩበት ነው። ሙዚቃ የለውም፤ ጭፈራም የለውም። ያየው ሰው ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን በዚያ ሳምንት አምስት ሰዎች ልካቸውን ጽፈው ላኩ፤ ሦስቱ ቀብድ ከፈሉ።

ዘጠኝ ዓመት ክፍል ውስጥ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር፤ ተማሪው የት ላይ እንደጠፋበት ማዳመጥና ከዚያ መጀመር። ሙያ ቀየርኩ ብሎ ነበር የወጣው። የቀየረው ግን ሥፍራውን ነው።

*

በጥር ወር የሠርጉ ወቅት ጥሩ ገበያ ሆነ። ሁለት ተጨማሪ ደንበኞች መጡ፤ አንድ የእንጨት ሥራ ቤትና አንድ የጥርስ ክሊኒክ። ሚስቱ የሰጠችው ስድስት ወር ባለቀበት ሰሞን፣ የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተፈጠረው ቀውስ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። ሰው ሁሉ የቀናት ነገር መስሎት ነበር፤ ግን እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆየ።

በዚያ ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ቪፒኤን ነበር፤ ግን ቪፒኤን ለተጠቃሚው እንጂ ለነጋዴው ሙሉ መፍትሔ አልነበረም። ቦሌ ተቀምጦ በቪፒኤን የገባ ሰው ለሲስተሙ ኔዘርላንድስ ወይም አሜሪካ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ «አዲስ አበባ ላለ ሰው አሳይልኝ» ብሎ የተከፈለበት ማስታወቂያም ዒላማውን ይስታል። ብዙ ሱቆች አሥርና ሃያ ሺህ ተከታይ እያላቸው አንዱን እንኳ ስልክ ደውለው የሚያገኙበት መንገድ አልነበራቸውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ፔጁ የእነሱ ይምሰል እንጂ በሰው መሬት ላይ የተቀለሰ ጎጆ ነበር።

የሽሮ ሜዳው ሱቅ ደብተር ነበረው። መምህሩ ከጥቅምት ጀምሮ የጠየቀውንም የገዛውንም ሰው «አዲስ ሥራ ሲመጣ ብንደውልልዎ ይፈቅዳሉ?» እያለ ስልክ ሲመዘግብ ቆይቷል። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ቁጥር ነበር። (የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ መጠየቁ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል፤ ያኔ ግን መምህሩ የጠየቀው ይሉኝታ ይዞት ነው።) ከባለሱቋ ልጅ ጋር ተከፋፍለው ለፋሲካ እየደወሉና ኤስኤምኤስ እየላኩ ከረሙ። ገበያው እንደ ጥር አልነበረም፤ ግን ኪራዩ ተከፈለ።

ቤቱ ግን ተጨንቆ ነበር። የጥርስ ክሊኒኩ «ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ እንገናኝ» ብሎ ሄደ። አንድ የግል ትምህርት ቤት መምህር እንደሚፈልግ ሰማና ማመልከቻ ጻፈ፤ ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ቦርሳው ውስጥ ቆየ። ደብዳቤውን ያገኘችው ሚስቱ ናት። «ስንት ደንበኛ ቀረህ?» አለችው። «ሁለት።» «ይከፍላሉ?» «ይከፍላሉ።» ደብዳቤውን መልሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። «እስከ ሰኔ» አለች።

*

ከዚያ ወዲህ ያለው እድገት ለወሬ የማይመች ዓይነት ነው፤ ሒሳብ ነውና። መምህሩ አሁን አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሽያጭ ደብተሩን ነው። ደብተሩን የማያሳይ ደንበኛ አይቀበልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሱቅ ለማስታወቂያ 3,000 ብር አወጣ እንበል። 60 ሰው ጠየቀ፤ 6 ሰው ገዛ። አንድ ገዢ ለማግኘት 500 ብር ወጣ ማለት ነው። ከአንዱ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ 400 ብር ከሆነ ሱቁ በሸጠ ቁጥር 100 ብር ይከስራል፤ እንዲህ ባለ ሱቅ ማስታወቂያ መጨመር ኪሳራ መጨመር ነው። ማስታወቂያው ሳይነካ ለጥያቄዎቹ በቀን ፈንታ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ቢሰጥና ከ60ው 12ቱ ቢገዙ ግን አንዱ ገዢ 250 ብር ይሆናል። ኪሳራው ወደ ትርፍ ይለወጣል። የተለወጠው ስልክ የሚያነሳው ሰው እንጂ ፖስተሩ አይደለም።

ይህ ሒሳብ በሀገራችን ሌላ ክብደትም አለው። የፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። ካርድ የሌለው ነጋዴ ካርድ ባለው ደላላ በኩል ያስከፍላል፤ ደላላው ደግሞ ዶላሩን የሚያስበው በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ የባንኩ ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያን ጊዜ ላይክ ብቻ ሲሸጡ የነበሩ ባለሙያዎች ደንበኞቻቸው መጀመሪያ የቆረጡት ወጪ ሆኑ። እያንዳንዷ ብር ስንት ገዢ እንዳመጣች ማሳየት የቻሉት ግን ቆዩ።

ሌላም ፈተና አለ፤ በኮርስ ላይ የማይሰጥ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ሰው «በ15 ቀን ቦርጭ የሚያጠፋ» ሻይ ይዞ መጣ። የሚከፍለው ከሽሮ ሜዳው ሱቅ የሦስት ወር ክፍያ ይበልጣል። የሚፈልገው ደግሞ «ተጠቀምኩበት» የሚሉ ሰዎች ቪዲዮ ነው፤ የተጠቀሙበትም ያልተጠቀሙበትም ቢሆኑ ግድ የለውም። በዚያው ሳምንት የልጃቸው የተርም ክፍያ ደርሷል። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ መሆኑን መምህሩ ያውቃል፤ ብዙ ሰው ሳይጠየቅ እንደሚቀርም ያውቃል። እምቢ ያስባለው ሕጉ ብቻ አልነበረም። ቪዲዮውን የሚያዩት ለሽሮ ሜዳዋ ሱቅ ስልካቸውን አምነው የሰጡት ዓይነት ሴቶች ናቸው። አንድ ጊዜ ከዋሸባቸው ቀጥሎ ስለ ቀሚስ የሚነግራቸውን ማን ያምነዋል? ሻዩ በሌላ ሰው ተሠርቶ ወጣ፤ ብዙ ላይክም አገኘ። የልጁ ክፍያ በብድር ተከፈለ። ይህንን ሲያወራ እንደ ጀግና አያወራውም፤ ሚስቱ ያን ሳምንት እንዳላናገረችውም አይደብቅም።

*

ዛሬ ሰባት ቋሚ ደንበኞች አሉት። ቪዲዮ የሚቀርጽለት አንድ የቀድሞ ተማሪው ነው። ገቢው ከመምህርነቱ ይሻላል፤ ጡረታ ግን የለውም፤ ደንበኛ በሚጠፋበት ወር እንቅልፍም የለውም። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መጥተው ጽሑፉንም ፖስተሩንም በደቂቃ ያወጡታል። ሥራቸው ፖስተር ብቻ የነበረ ልጆች እየደነገጡ ነው፤ ድንጋጤያቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ ዋጋ መጻፍ ለምን እንደሚፈሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ግን አሁንም ሰው ነው።

እናቱ እስካሁን ለጎረቤት «ልጄ መምህር ነው» ነው የሚሉት። ባለሱቋም «መምህር» እንዳሉት ቀርተዋል። እሱም አያርምም።

በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው ይደውልለታል። ብዙዎቹ ሠላሳን የተሻገሩ፣ ቤተሰብ ያላቸው፣ ደመወዙ ያልበቃቸው ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ሥራዬን ለቅቄ ልግባበት?» መምህሩ ግባም አትግባም አይልም። ሥራ ሳይለቁ የሚሠራ አንድ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ «የዘመድህ ወይም የጎረቤትህ ሱቅ ሂድ። ሦስት ቅዳሜ ተቀመጥ። የሚገባው ሰው የሚጠይቀውን ጻፍ፤ ሳይገዛ የሚወጣው ለምን እንደወጣ ጻፍ። ከዚያ ደብተሩን ይዘህ ና።»

አብዛኞቹ ተመልሰው አይደውሉም። ደብተር ይዘው የመጡት እስካሁን አራት ናቸው። የትኛውን ኮርስ ቢወስዱ እንደሚሻል የሚነግራቸው ደብተሩን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው።